የፍላይ ዘንግ ቀለበት አመራረጥ፦ ስስታችሁን ጫፉ ላይ አድርጉት

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ባዶ የካርቦን ዘንግ፣ አጠገቡ የተበተኑ ትናንሽ የብረት ቀለበቶች]

ይህ የፍላይ ዘንግ፣ ማለትም ዝንብ በሚመስል መንጠቆ ዓሣ የሚጠመድበት ዘንግ፣ ገና ራቁቱን ነው። ዘጠኝ ጫማ፣ ማለትም 2 ሜትር ከ74 ሳንቲ ሜትር። በአራት ቁራጭ የሚገጣጠም፣ ለ5 ቁጥር ገመድ የተሠራ፤ ቁጥሩ የገመዱን ክብደት ይነግራል። ትራውት ለሚባለው ዓሣ ሁነኛ ነው። በነገራችን ላይ ትራውት ፍለጋ የግድ ባሕር መሻገር የለባችሁም። ባሌ ተራሮች ውስጥ ዌብና ዳንካ ወንዞች ላይ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት አለ።

እጀታውና የሪሉ (የገመድ መጠቅለያው) መቀመጫ ተጣብቀዋል። የቀሩት ገመዱ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ናቸው፤ ሱቅ ውስጥ ጋይድ የሚባሉት። ብዙ ሰው ዘንጉን ሲያማርጥ ሳምንት ይፈጅና ቀለበቱን በአምስት ደቂቃ ይገዛል። እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ።

[ምስል፦ የወረቀት ክሊፕ በፕላስተር ዘንጉ ጫፍ ላይ ሲለጠፍ]

ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። አንድ ትንሽ የወረቀት ክሊፕ ጫፉ ላይ ለጥፉ። ክብደቱ ግራም ቢሞላ ነው። ዘንጉን አንዴ ወዝውዙና እጃችሁን ቀጥ አድርጉ። ጫፉን እዩት። እጃችሁ ቆሟል፣ እሱ ግን ገና እስክስታ ላይ ነው። አሁን ክሊፑን አንሱና ድገሙት። ቶሎ ረጋ አይደል? ያንኑ ክሊፕ እጀታው አጠገብ ብትለጥፉት ደግሞ መኖሩም አይታወቃችሁም።

ይህ ለምን ያስጨንቀናል? በተራ ዘንግ የምንወረውረው ክሩ ላይ የታሰረውን የእርሳስ ክብደት ነው፤ ክሩ ተከትሎት ይሄዳል። በፍላይ ግን ዝንብ መሳዩ መንጠቆ ክብደት አለው ለማለት ይከብዳል። የሚወረወረው ገመዱ ራሱ ነው። የ5 ቁጥር ገመድ የፊተኛው 30 ጫማ 9 ግራም ገደማ ይመዝናል። ጫፉ ከተንቀጠቀጠ ያ ሁሉ ገመድ አየር ላይ አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ጉልበቱም እዚያው ያልቃል።

የመጀመሪያ ዘንጌን ስሠራ ይህን አላውቅም። ውድ ከሆነ ጥሩ ነው ብዬ ከታች እስከ ላይ ባለ ሴራሚክ ቀለበት ደረደርኩ። ሲታይ ያምር ነበር። ሲወረወር ግን ውኃ የጠጣ መጥረጊያ ነው።

[ምስል፦ ሦስት ዓይነት ቀለበት መዳፍ ላይ፣ በቅርብ]

ትልቁ፣ መሀሉ ላይ ጥቁር ሴራሚክ ያለው፣ ስትሪፒንግ ጋይድ ነው። ለሪሉ የሚቀርበው እሱ ነው። ገመዱን በግራ እጃችን ስንስብ ሰያፍ እየገባ የሚፈትገው ይህን ቀለበት ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁን እዚህ አውጡ። ለዚህ ዘንግ 12 ቁጥር ይበቃል። ከታች ስለሆነ ክብደቱ አይጎዳም።

ይህ ጠምዘዝ ያለ ሽቦ ስኔክ ይባላል፤ እባብ ማለት ነው። ሁለት እግር አለው። ሦስተኛው ባለ አንድ እግር ነው። ልዩነቱ ብረቱ ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ እግር በክር ይጠመጠማል፣ በላዩ ኢፖክሲ የሚባል የሚጠነክር ሙጫ ይቀባል። ኢፖክሲው ደግሞ ይከብዳል። አንድ እግር ሲቀነስ ግማሹ ጥምጥምና ግማሹ ኢፖክሲ አብሮ ቀረ ማለት ነው። ጉዳቱ፣ ቁጥቋጦ ከያዘው ባለ አንድ እግሩ ቶሎ ይላቀቃል። እኔ የላይኛው ቁራጭ ላይ ባለ አንድ እግር፣ ከዚያ በታች ስኔክ አደርጋለሁ። ሁሉንም ስኔክ ብታደርጉም አልጣላችሁም።

ስንት ይሁን? የተለመደው ስሌት ለአንድ ጫማ አንድ፣ በዚያ ላይ አንድ ጭማሪ ነው። ዘንጉ ጫፍ ላይ የምትሰካዋ ቀለበት ሳትቆጠር ለዘጠኝ ጫማ አሥር። ብታሳንሱ እርጥብ ገመድ መሀል ላይ ይረግብና ዘንጉ ላይ ይለጠፋል።

[ምስል፦ የገመዱና የመሪ ክሩ ቋጠሮ በጫፍ ቀለበት ውስጥ ሲያልፍ]

እንግዲህ ክብደት ጠላት ከሆነ ትንንሹን ቀለበት እንግዛ ትሉ ይሆናል። ቆይ! አንድ ቀን ጥሩ ትራውት ይዤ መረቡን አውጥቼ ነበር። ዓሣው እግሬ ሥር ደርሷል። ገመዱና መሪ ክሩ (ገመዱን ከመንጠቆው የሚያገናኘው ቀጭን ክር) የተያያዙበት ቋጠሮ የጫፏ ቀለበት ውስጥ ገብቷል። ዓሣው መረቡን ሲያይ ዞሮ ተፈተለከ። ቋጠሮው ቀለበቷ ውስጥ ተሸነቀረ፣ ክሩ ጧ አለ። መረቤን ይዤ ቀረሁ።

ስለዚህ ቀለበት የሚለካው በገመዱ ውፍረት አይደለም፣ በቋጠሮው ነው። ሱቅ ስትሄዱ ቋጠሯችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የስኔክም የባለ አንድ እግሩም ቁጥር ሲያድግ ቀለበቱ ይሰፋል። ላይኛው ቁራጭ ላይ ከ1 ቁጥር ይልቅ 2 ቁጥርን እመርጣለሁ። ክብደቱ ትንሽ ቢጨምርም ይሁን። የጫፏም ሰፊ ቀለበት ያላት ትሁን። ዘንጉ የሚገባባት የጫፏ ቱቦ የሚለካው በኢንች 64ኛ ነው፤ 4.5 ከተባለ 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የዘንጉን ጫፍ በካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ለኩት፣ በዓይን አትገምቱ። ስታጣብቋት በኢፖክሲ ሳይሆን በሙቀት በሚቀልጥ ሙጫ ይሁን። የተሰበረች ቀን በክብሪት ሞቅ አድርጋችሁ ታወጧታላችሁ።

[ምስል፦ ጥጥ በቀለበት ውስጥ ሲሳብ፣ ከዚያ ሞረድ]

ገዝታችሁ ስትመለሱ በየቀለበቱ ጥጥ አሳልፉ። ጥጡን ከያዘው ስንጥቅ አለው፣ ገመዳችሁን ይበላዋል። ከዚያ የእግሩን ጫፍ በሞረድ አሳሱት። ደፍ ካለው ክሩ ሲወጣበት ክፍተት ይፈጥራል፣ ሹል ከሆነም ካርቦኑን ይቧጭራል።

አሁንም ክሩን አትጠምጥሙ። ቀለበቶቹን በወረቀት ፕላስተር ያዙ፣ ገመዱን አሳልፉ፣ የገመዱን ጫፍ የሆነ ነገር ላይ እሰሩና ዘንጉን አጉብጡት። ገመዱ የዘንጉን ጉብጠት መከተል አለበት። አንዱ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ አቋራጭ ከመታ እዚያ ቀለበቶቹን አቀራርቡ። በቀለበቶቹ መካከል ያለው ርቀት ጫፉ ላይ ጠበብ፣ ወደ ታች ሰፋ እያለ ይሄዳል። ሳሎን ውስጥ ከሆነ የምትሞክሩት ግን ለአምፖሉ እዘኑለት።