ፎይሉን የናቀ ወርቁንም ያልፈዋል፦ በአቃቂ ዳርቻ ለወርቅ ፍለጋ ሠልጣኞች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የአካባቢው ሽማግሌዎች፣ ይህን ማሳ ለልምምድ የፈቀዳችሁልን አባወራዎች፣ እንዲሁም ወደ ጉጂና ወደ አሶሳ ለወርቅ ሥራ ለመሄድ የምትዘጋጁ ወጣቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ እሱም ዲቴክተሩ፣ ማለትም የተቀበረ ብረታ ብረትን በድምፅ የሚጠቁመው ማሽን፣ ሲጮህ ከመሬት በታች ያለው ነገር ቆሻሻ ይሁን ወይም የሚፈለግ በምን እንደሚታወቅ ነው። እምነቴን አስቀድሜ ልግለጽ። ማሽኑ ቆሻሻን አልፎ እንዲሄድ የምንሞላው ማጣሪያ በጀማሪ እጅ ሲገባ ከቆሻሻው ጋር ወርቁንም ይጥላል። ስለዚህ ቆሻሻን መለየት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ቆሻሻን በብዛት ቆፍሮ ማውጣትና እያንዳንዱን ከሰማው ድምፅ ጋር ማስተያየት አለበት።

አቃቂ የመጣነው ወርቅ እናገኛለን ብለን አይደለም። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ዓለት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ሲሆን፣ የአገራችን ወርቅ በጉጂ፣ በቤኒሻንጉልና በትግራይ የሚገኘው ከዚህ እጅግ ቀደም ብለው በተፈጠሩ ዓለቶችና ከእነሱ ተሸርሽሮ በወረደ ደለል ውስጥ ነው። ይህን ቦታ የመረጥነው ቆሻሻ ስለሞላበት ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው በአቃቂ በኩል አልፎ ነው፤ ከዚያም ፋብሪካው፣ ጋራዡና መኖሪያው ተከታትለው መጡ። ምስማር፣ ብሎን፣ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ ሽቦ፣ የቢራ ቆርኪ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የማስቲካና የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት (ፎይል) በዚህ አፈር ውስጥ ተደባልቀው ይገኛሉ፤ ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

የማሽኑን አሠራር በአጭሩ ላስረዳ። በእጃችሁ ባለው ዓይነት ማሽን ላይ ከታች ያለው ኮይል፣ ማለትም የሽቦ ጥቅሉ፣ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ይልካል። መስኩ የነካው ማንኛውም ብረታ ብረት በውስጡ ጥቂት የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠርበትና የራሱን መልስ ይሰጣል፤ ማሽኑ የሚለካውም መልሱ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነና ምን ያህል እንደዘገየ ነው። ኤሌክትሪክን በደንብ የሚያስተላልፍ ትልቅ ነገር፣ ለምሳሌ መዳብ ወይም ብር፣ በማሽኑ ማሳያ ላይ ከፍተኛ ቁጥር ይሰጣል፤ ቀጭን ወይም ትንሽ ነገር ዝቅተኛ ቁጥር ይሰጣል፤ ምስማርን የመሰለ ተራ ብረት ደግሞ መግነጢሳዊ ጠባይ ስላለው አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም በታች ይወጣል።

እንግዲህ ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ የማዕድኑን ማንነት አይናገርም፤ የማዕድኑ ዓይነት፣ መጠን፣ ውፍረትና ቅርጽ አንድ ላይ ተደምረው የሚሰጡትን ውጤት ብቻ ያሳያል። 1780 የሚል ዓመት የታተመበትና 28 ግራም ያህል የሚመዝነው የማርያ ቴሬዛ ብር ከላይኛው ጫፍ አካባቢ ይወጣል፤ የተጨፈለቀ የአሉሚኒየም ጣሳም ወደዚያው ሊጠጋ ይችላል። ከታች በኩል ያለው መመሳሰል ደግሞ ለእናንተ የባሰ ነው፤ ትንሽ የወርቅ ፍሬና የሲጋራ ፎይል ቁራጭ አንድ ዓይነት ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። ከፍ ያለው የወርቅ ቁራጭ ደግሞ የጣሳ መክፈቻ ቀለበት ከሚወጣበት ቦታ ይወጣል። በመካከላቸው የሚለይ ማጣሪያ አልተሠራም። ፎይሉ ሰለቸኝ ብሎ ያንን ክልል የዘጋ ሰው ወርቁን ራሱ በእጁ ዘግቶበታል። ይህን አጥብቄ የምናገረው የማሽኑ ሻጭ ብዙ ጊዜ ስለማይናገረው ነው።

ተራ ብረትን ግን በብልሃት መለየት ይቻላል፤ ከሁሉም የሚያታልለው ቆርኪ ስለሆነ በእሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቆርኪ ከብረት ቢሠራም ጠፍጣፋና ክብ ስለሆነ ጅረቱ በላዩ ላይ እንደ ሳንቲም ይዞርበታል፤ ስለዚህ ጥሩ ድምፅና ጥሩ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ድምፁን ስትሰሙ ወዲያው አትቆፍሩ። መጀመሪያ ማጣሪያውን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፣ ማለትም ማሽኑ ምንም ሳያስቀር ለሁሉም እንዲጮህ አድርጉና፣ በነገሩ ዙሪያ ሩብ ክብ ዞራችሁ ከሌላ አቅጣጫ አዳምጡ፤ ከሁለቱም አቅጣጫ ድምፁ ንጹሕ ከሆነና ቁጥሩ ካልዘለለ መልካም ምልክት ነው። ቀጥላችሁ ኮይሉን ከነገሩ ላይ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ሳቡት፤ ከጠርዙ ላይ የተራ ብረት ወፍራም ድምፅ ብቅ ካለ ቆርኪ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ምስማር በርዝመቱ ሲታለፍ ሁለት ጊዜ፣ በወርዱ ሲታለፍ ደግሞ አንድ ጊዜ የመጮህ ጠባይ አለው። ኮይሉን ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋችሁም ድምፁ ካልቀነሰ ጣሳን ወይም የቆርቆሮ ቁራጭን የመሰለ ትልቅ ነገር ነው። እነዚህን ምልክቶች የምትለማመዱት ቆርኪውን ቆፍራችሁ ካያችሁ በኋላ መሆን አለበት፤ አለዚያ ግምታችሁ ትክክል መሆኑን የምታረጋግጡበት መንገድ አይኖራችሁም።

አፈሩም የራሱ ድርሻ አለው። የዚህ ሜዳ ጥቁር አፈርም ሆነ በወርቅ አካባቢ የምታገኙት ቀይ አፈር የብረት ማዕድን ሊበዛበት ይችላል፤ እንዲህ ያለ አፈር ማሽኑን ያደናግረዋል፣ ጥልቀቱንም ይቀንሰዋል። በተለይ ጠለቅ ብሎ የተቀበረ መልካም ነገር በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ቁጥሩ ወደ ተራ ብረት ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት፣ ቦታ በቀየራችሁ ቁጥርም፣ ኮይሉን ንጹሕ መሬት ላይ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ማሽኑን ከአፈሩ ጋር አስማሙ። በወርቅ ቦታዎች የሚሠራባቸው በምት የሚሠሩ ማሽኖች፣ ማለትም መስኩን ሳያቋርጡ ሳይሆን በአጫጭር ምት የሚልኩት፣ ይህን አፈር የተሻለ ይቋቋማሉ፤ ብረትን ከወርቅ የመለየት ችሎታቸው ግን አነስተኛ ነው። እዚያ የሚረዳችሁ ጆሯችሁና ቁፋሯችሁ ነው።

ለደኅንነት ስል ሁለት ነገር እጨምራለሁ። ትልቅና ጠንካራ የተራ ብረት ድምፅ በሰማችሁበት ቦታ በዶማ ኃይል አትምቱ። አገራችን ጦርነት በተደጋጋሚ ያለፈባት ናት፤ በ1983 ዓ.ም. በከተማችን ደቡባዊ ክፍል የጥይት መጋዘን ፈንድቶ የሰው ሕይወት መጥፋቱን ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። ቦምብ ወይም የመድፍ ጥይት የሚመስል ነገር ከታየ አትንኩት፤ ሰው አርቁና ለፖሊስ ንገሩ። ጥንታዊ የሆነ ነገር ካገኛችሁ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ ግዴታችሁ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በመቃብር ቦታም ማሽን ይዞ መግባት አይገባም።

አሁን ወደ ልምምዱ እንገባለን። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ትሠራላችሁ፤ አንዱ ሲያዳምጥ ሌላው ቁጥሩን፣ የድምፁን ጠባይና የወጣውን ነገር በደብተር ይመዘግባል። ማጣሪያው ክፍት ይሆናል፤ የጮኸውም ሁሉ በጥንቃቄ ይወጣል። ከመቆፈራችሁ በፊት ምን ይወጣል ብላችሁ እንደገመታችሁ መጻፍ አትርሱ። የወጣው ብረታ ብረት በአንድ ጆንያ ይሰብሰብና ለቁራሌው ይሰጣል። የባለማሳዎቹ ከብቶች ማታ በዚህ ስለሚያልፉ እግራቸው እንዳይሰበር እያንዳንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላ ድምፅ ከመሄዳችሁ በፊት ይደፈናል።