ስለ ኬሊ ሆልምስ፣ ስላቆሙ ልጆችም
(ለንደን ውስጥ ለሯጭ ልጆችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ። ወላጆች፣ አሰልጣኞች፣ እናንተም ከኋላ ቺፕስ ይዛችሁ የተደበቃችሁ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የሜዳው በር ላይ አስቆመችኝ። «ልጄ ሩጫ ተወች» አለችኝ። ልጅቷ 17 ዓመቷ ነው። «በቃ፣ አበቃላት ማለት ነው?» ያን ዕለት የረባ መልስ አልሰጠኋትም። ዝናብ ነበር፣ አውቶቡሱም መጣ። ዛሬ ልመልስላት። መልሴ ብሪታንያዊቷ ሯጭ ኬሊ ሆልምስ ናት።

ኬሊ ያደገችው እዚሁ አገር፣ ኬንት ውስጥ ነው። አባቷ ጃማይካዊ፣ እናቷ እንግሊዛዊት። በ12 ዓመቷ የቶንብሪጅ አትሌቲክስ ክለብ ገባች። በ1983 (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶችን ውድድር በ1500 ሜትር አሸነፈች። እንዲህ ያለች ልጅ እኛ ጋ ብትኖር እንደ እንቁላል ነበር የምንይዛት። እሷ ግን በ18 ዓመቷ ወታደር ቤት ገባች። የጭነት መኪና ነዳች፣ በኋላም የአካል ብቃት አሰልጣኝ ሆነች። ስፖርቱን ጨርሳ አልተወችም፣ ጁዶም ሞክራለች። የትልልቁ ትራክ ነገር ግን ተረስቶ ነበር።

በ1992 የባርሴሎናን ኦሊምፒክ በቴሌቪዥን ስታይ ሊሳ ዮርክ ብቅ አለች። በልጅነታቸው አብረው የሮጡ ናቸው። ያኔ ነው ልመለስ ያለችው። 22 ዓመቷ ነበር። ማንም ጎትቶ አላመጣትም፤ ይህን በተለይ ለአባቶች ነው የምናገረው።

ሁለት ዓመት ቆይታ የኮመንዌልዝ ወርቅ፣ በ1995 ደግሞ ጎተንበርግ ላይ የዓለም ሻምፒዮና ብርና ነሐስ አገኘች። እስከዚህ ነገሩ ቀላል ነው። ችግሩ እግሯ ነው። የአትላንታ ኦሊምፒክ ላይ አጥንቷ ተሰንጥቆ ሮጣ በ800 ሜትር አራተኛ ወጣች። በ1997 የአቴንስ ዓለም ሻምፒዮና ማጣሪያ ላይ የተረከዝ ጅማቷ ተጎዳና እያነከሰች ጨረሰች። የሲድኒ ኦሊምፒክ ላይ ነሐስ ወሰደች። በ2003 ጉዳቱ ሲደጋገምባት በጣም ከመጨነቋ የተነሳ ራሷን እስከ መጉዳት ደርሳ ነበር። ይህን በኋላ ራሷ በግልጽ ተናግራለች። ልጆች ስላሉ አላብራራውም። ግን ልጃችሁ እግሯን አሟት ቤት ስትውል ስለ እግሯ ብቻ አትጠይቋት።

እንግዲህ አቴንስ 2004። ነሐሴ 17 ቀን 1996 በእኛ አቆጣጠር። አብዛኞቻችሁ ያን ምሽት ታስታውሱታላችሁ፣ መሠረት ደፋር በ5000 ወርቅ፣ ጥሩነሽ ነሐስ ያገኙበት ነው። በዚያው ምሽት፣ በዚያው ስታዲየም የሴቶች 800 ፍጻሜ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እኔ በመሠረት ነገር ሰክሬ የኬሊን ሩጫ ያየሁት ከቀናት በኋላ ነው።

ኬሊ 34 ዓመቷ ነው። ከፊት ያሉት የመጀመሪያውን ዙር ሲከንፉ እሷ ከኋላ ናት። አትደነግጥም። በሁለተኛው ዙር አንድ በአንድ ታልፋለች። በመጨረሻው ቀጥታ መንገድ ላይ ከማሪያ ሙቶላ ጎን ደረሰች። አብራት ስትሠለጥን የከረመች፣ ሲድኒ ላይ ወርቁን የወሰደች ሙቶላ! አለፈቻት። 1 ደቂቃ ከ56.38። ከሁለተኛዋ የለያት የሰከንድ 5 መቶኛ ናት፣ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አይበቃም። ሙቶላ አራተኛ ሆነች። ቪዲዮውን ስታዩ ሰዓቱን ተዉትና ፊቷን እዩ። መስመሩን አልፋም አላመነችም። ዓይኗን አፍጥጣ ትልቁን ስክሪን ትፈልጋለች።

ከአምስት ቀን በኋላ 1500ውንም ወሰደች፣ 3 ደቂቃ ከ57.90፣ ያኔ የብሪታንያ ክብረ ወሰን። በዘጠኝ ቀን ስድስት ሩጫ መሆኑ ነው። በአንድ ኦሊምፒክ ሁለቱን ርቀት ያሸነፈ ብሪታንያዊ ከ1920 ወዲህ አልነበረም። ያን ማታ ግን እኛ ቤት ለቅሶ ነበር፤ ቀነኒሳ በ5000 በሞሮኳዊው ኤል ገሩዥ በሽርፍራፊ ሰከንድ የተቀደመው ያኔ ነው።

ከጉዳት ነጻ የሆነ ዓመት ያገኘችው ያን ጊዜ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ጫማዋን ሰቀለች።

ያቆመች ሁሉ ኬሊ ትሆናለች አላልኩም። አብዛኞቹ አይመለሱም፣ ምንም አይደለም። ግን እህቴ፣ ዛሬ ከመጣሽ፣ የልጅሽን የመሮጫ ጫማ ለማንም አትስጪባት። ስለ ሩጫም አትነዝንዣት። ድንገት አንድ ቀን ጫማውን ፈልጋ ጠቦ ብታገኘው፣ እኛ ጋ ትርፍ አለ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ ሜዳው ላይ ነን።

አመሰግናለሁ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ቅዱ።