የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ነዳጁ የት ሄደ?

ባለፈው ስለ ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ነዳጅና በአብራሪዎቹ ክፍል (ኮክፒት) ስላሉት ስክሪኖች ስናወራ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። በሰዓት እጥረት በችኮላ ያለፍኳቸውን ጥያቄዎች እዚህ ረጋ ብዬ ልመልስ።

«አውሮፕላን እየበረረ ነዳጁ ከታንክ ወደ ታንክ ይዛወራል ይባላል። ባለበት ቢቀመጥ ምን አለበት?» (አንዲት አድማጭ፣ ከአዲስ አበባ)

እህቴ፣ አህያ ሲጫን አይተው ይሆናል። ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ መንገድ ላይ ቆሞ ማስተካከል ግድ ነው። አውሮፕላንም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ጭነቱ በየደቂቃው እየቀነሰ መሄዱ ነው።

ነዳጁ በአብዛኛው የሚቀመጠው ክንፎቹ ውስጥ ነው። ሁለቱ ክንፎች በሚገናኙበት በሆዱ በኩልም ትልቅ ታንክ አለ። መጀመሪያ የሚቃጠለው የሆዱ ነው። ለምን? አየሩ ክንፎቹን ወደ ላይ ያነሳል፤ የአውሮፕላኑ አካል ደግሞ መሐሉን ወደ ታች ይጎትታል። ክንፉ ከልክ በላይ እንዳይጎብጥ የሚያግዘው በውስጡ ያለው ነዳጅ ክብደት ነው። ስለዚህ የክንፉ ነዳጅ ለመጨረሻ ይቆያል።

ቦይንግ 777 ላይ ይህ የሚሠራበት ብልሃት በጣም ደስ ይለኛል። የሆዱ ታንክ ፓምፖች ከክንፎቹ ፓምፖች የበለጠ ግፊት አላቸው። ሁሉም አንድ ላይ እየሠሩ፣ ጉልበተኛው ስለሚያሸንፍ ሞተሩ ጋ የሚደርሰው የሆዱ ነዳጅ ነው። እሱ ሲያልቅ የክንፎቹ ይቀጥላል።

ኤርባስ ኤ330 ደግሞ ጭራው ውስጥም ታንክ አለው። ከፍታ ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ጥቂት ነዳጅ ወደ ኋላ ይልካል። ክብደቱ ወደ ኋላ ሲያደላ አውሮፕላኑ አየሩን ሰንጥቆ ለመሄድ የሚያወጣው ጉልበት ይቀንሳል፤ ነዳጅ ይቆጠባል። በኋላ ወደ ፊት ይመልሰዋል። አብራሪው አንድም ቁልፍ ሳይነካ ነው ይህ ሁሉ የሚሆነው። ይህን የጭራ ታንክ ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

«መኪናችን በሊትር ይሞላል። አውሮፕላን ለምን በኪሎ?» (የታክሲ ሹፌር)

ሞተሩ ጉልበት የሚያገኘው ከነዳጁ ክብደት ስለሆነ ነው። ሊትሩ በሙቀትና በቅዝቃዜ ይለዋወጣል፤ ክብደቱ ግን ያው ነው። መለኪያውን ማምታታት ምን እንደሚያመጣ እ.ኤ.አ. በ1983 የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 አሳይቶናል። የነዳጅ መለኪያው ተበላሽቶ ስለነበር በእጅ ተሰላ። 22,300 ኪሎ ሲያስፈልግ በስሌት ስህተት 22,300 ፓውንድ ይዞ ተነሳ፤ አንድ ፓውንድ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሁለቱም ሞተሮች አየር ላይ ጠፉ። ደግነቱ ጊምሊ በተባለች ከተማ አሮጌ የአየር ኃይል ሜዳ ላይ አረፈ፤ የሞተ ሰው የለም።

«ስክሪኑ ሁሉን ነገር የሚያሳይ ከሆነ አብራሪ እንዴት ሳያውቅ ነዳጅ ያልቅበታል?» (የምህንድስና ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ስለጠየቅክ አመሰግንሃለሁ። ነሐሴ 2001 እ.ኤ.አ. የሆነውን ልንገርህ። የኤር ትራንሳት ኤ330 ከቶሮንቶ ወደ ሊዝበን 306 ሰዎች ይዞ አትላንቲክን እያቋረጠ ነበር። በቀኙ ሞተር አንድ የነዳጅ ቱቦ ከሃይድሮሊክ ቱቦ ጋር እየተፋተገ ተሰንጥቆ ነዳጁ ይፈስ ጀመር። ሞተሩ ሲቀየር የማይገጥሙ ዕቃዎች አብረው ታስረው ነበር።

ስክሪኑ መጀመሪያ ያሳየው የቀኙ ሞተር ዘይት እንደ ቀዘቀዘና ግፊቱ እንደ ጨመረ ነው። ይህን አይቶ ወዲያው ነዳጅ ፈሰሰ የሚል ሰው አይገኝም። የቀኝ ክንፉ ታንክ ሲጎድል ደግሞ ያ የጭራ ታንክ ነዳጁን ወደ ቀኝ ክንፍ ላከ። ስለዚህ የግራና የቀኝ ልዩነት ቶሎ አልታየም። ሥርዓቱ ሥራውን በትክክል እየሠራ ችግሩን ሸፈነው።

በመጨረሻ የነዳጅ ሚዛን መዛባት የሚል ማሳሰቢያ መጣ። አብራሪዎቹ ክሮስፊድ የሚባለውን ቫልቭ ከፍተው ቀኙን ሞተር ከግራ ታንክ መመገብ ጀመሩ። ለተራ መዛባት ትክክለኛው እርምጃ ይህ ነው። ቱቦ ለተቀደደበት ግን የደህናውን ታንክ ነዳጅ ወደ ቀዳዳው መላክ ሆነ። የጽሑፍ መመሪያው አስቀድሞ መፍሰስ አለመኖሩን አረጋግጡ ይላል፤ እነሱ ግን መመሪያውን ሳያዩ በቃላቸው ነበር የሠሩት። ሁለቱም ሞተሮች ተራ በተራ ጠፉ። ካፒቴን ሮበርት ፒሼና ረዳቱ 19 ደቂቃ ያህል ያለ ሞተር ተንሳፍፈው አዞረስ ደሴቶች ላይ ላዤሽ በተባለ አየር ማረፊያ አሳረፉት። ሁሉም ተረፉ።

ስክሪኑ አልዋሸም። ስንት እንዳለ ይነግርሃል፤ የት እንደሄደ ግን አንተ ነህ የምትጠይቀው። መንገዱም ተራ ድምር ነው። የተቃጠለውንና የቀረውን ደምር። ስትነሳ ከያዝከው ካነሰ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ይህን ሳታጣራ ነዳጅ ከታንክ ወደ ታንክ አታዛውር።

«ሞተሮቹ ከጠፉ ስክሪኖቹም ይጨልማሉ?» (አንድ አባት፣ ከሐዋሳ)

አብዛኞቹ ይጨልማሉ፣ አባቴ፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ሁለቱም ሞተሮች ሲቆሙ ከአውሮፕላኑ ሥር በነፋስ የምትሽከረከር ትንሽ መዘውር ትወጣለች። እሷ በምትሰጠው ኃይል በካፒቴኑ በኩል ያሉት ዋና ዋና መሣሪያዎችና መሪው ይሠራሉ። ባትሪም አለ። ላዤሽ ላይ ያረፈው በዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ የወደቀው የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 767ም ነዳጁ ካለቀ በኋላ መሪው የሚሠራው በዚህችው መዘውር ኃይል ነበር። ጠላፊዎቹ አውስትራሊያ ውሰደን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ የተሞላው ለናይሮቢ ጉዞ የሚበቃ ነው ቢላቸው አላመኑትም። በዚያ ቀን 125 ሰዎች ሞቱ። ከ175ቱ 50ዎቹ ተረፉ።