አዲስ ጂሲሲ ከነባሩ ጎን እንዴት ይጫናል?

ጤና ይስጥልኝ። ኡቡንቱ 24.04 በተጫነበት ኮምፒውተር ተርሚናል ከፍተን የጂሲሲን (የሲና የሲ++ ኮድን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረውን ኮምፓይለር) ቨርዥን ብንጠይቅ 13 መሆኑን ይነግረናል። የጀመርነው ፕሮጀክት 14ን ሲፈልግ ቶሎ የሚመጣልን ሐሳብ ነባሩን አጥፍቶ አዲሱን መተካት ነው። ይህን እንዳታደርጉ አጥብቄ እጠይቃችኋለሁ። 13 የተቀመጠው ለእኛ ፕሮጀክት ብቻ አይደለም፤ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ሲታደስ እንደ ቨርቹዋልቦክስ ያሉ ፕሮግራሞች የሚጨምሩበትን ሞጁሎች እንደገና የሚገነባው ዲኬኤምኤስም ከርነሉ ከተሠራበት ጋር የሚስማማ ኮምፓይለር ይፈልጋል፤ ካጣ ግንባታው ይከሽፋል።

(በስክሪኑ ላይ፦ ሱዶ አፕት ኢንስቶል ጂሲሲ-14 ጂ++-14)

ጂ++ የጂሲሲ የሲ++ ኮምፓይለር ነው። 14 በኡቡንቱው በራሱ ማከማቻ ስላለ ከማይታወቅ ምንጭ ማውረድ አያስፈልግም። ተጭኖ ካበቃ በኋላ የዩኤስአር ቢን ፎልደርን በዝርዝር እንመልከት። ጂሲሲ ከሚለው ስም ቀጥሎ ያለው ቀስት ወደ ጂሲሲ-13 እንደሚያመለክት ታያላችሁ፤ ስሙ ሊንክ፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም ነው፤ ጂሲሲ-14 ቢጨመርም ቀስቱ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ይህን ሊንክ በአፕዴት-አልተርኔቲቭስ (እንዲህ ያሉ ሊንኮችን በሚቀያይረው ትዕዛዝ) ወደ 14 ማዞር በብዙ መመሪያዎች ይመከራል። እኔ አልመክረውም፤ ለውጡ ማሽኑን በሙሉ የሚነካ ከመሆኑም በላይ ጂሲሲና ጂ++ አንድ ላይ ካልተያያዙ አንዱ 14 ሌላው 13 ሆኖ ይቀራል፤ እንዲህ ያለውን ስሕተት ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ረጅም ሰዓት ይበላል። ይልቁንስ የፕሮጀክቱን ግንባታ የሚያዘጋጀውን ሲሜክን ስታስነሡ፣ ሲሲ የተባለውን የተርሚናል ተለዋዋጭ ጂሲሲ-14፣ ሲኤክስኤክስን ጂ++-14 በሉት። ሲሜክ መጀመሪያ ያገኘውን ኮምፓይለር መዝግቦ ስለሚይዝ፣ ይህን የምታደርጉት በአዲስና ባዶ የግንባታ ፎልደር ውስጥ መሆን አለበት፤ በአሮጌው ፎልደር ውስጥ ከሆነ ትዕዛዛችሁን ሳይቀበል በ13 ይቀጥላል።

ከሶርስ ኮድ መገንባት ግድ ከሆነባችሁ፣ መድረሻውን ኦፕት በተባለው ፎልደር ሥር ለብቻው አድርጉት፤ ዩኤስአር የፓኬጅ አስተዳዳሪው ይዞታ ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። በ24.04 ላይ የተገነባ የሲ++ ፕሮግራም ወደ 22.04 ሲወሰድ፣ ጂሊብሲኤክስኤክስ 3.4.32 (የሲ++ ላይብረሪው የቨርዥን ምልክት) አልተገኘም ብሎ ሊቆም ይችላል፤ የ22.04 የሲ++ ላይብረሪ የሚያውቀው እስከ 3.4.30 ድረስ ነውና። ፕሮግራሙ በሁለቱም እንዲሠራ ከተፈለገ፣ ግንባታው በ22.04 ላይ ይካሄድ።