ፋይል መላክ ማስተማር አይደለም

በደብረ ማርቆስ ለተማሪ ወላጆችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ከበሩ አጠገብ የቆማችሁ ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ!

ከሉማሜም ከአማኑኤልም ማልዳችሁ የመጣችሁ አላችሁ። የመልስ መንገድ ስላለባችሁ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ኦንላይን ትምህርት ጥቅምና ጉዳት ነው፤ ሁለቱንም እናገራለሁ። ከዚያ በፊት ግን እዚህ እንድቆም ያደረገኝን ነገር ላስቀድም። ለልጅ ፋይል መላክ ማስተማር አይደለም።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ብዙዎቻችን ያደረግነው አንድ ዓይነት ነበር። የቴሌግራም ቻናል ከፈትን፣ ማስታወሻውን በፒዲኤፍ ጫንን፣ ከሥሩ «መልመጃውን ሥሩ» ብለን ጻፍን። ስንት ሰው እንዳየው የሚያሳየው ቁጥር ከፍ ሲል ትምህርቱ የተሰጠ መሰለን። በዚያን ጊዜ ነገሩ ዱብ ዕዳ ነበርና ማንም አይወቀስም። ዛሬ ግን ያ ሁሉ ዓመት አልፎ አሁንም እዚያው ነን። ሪፖርት ሲጻፍ የተጫነው ፋይል ይቆጠራል፣ የቻናሉ አባል ይቆጠራል። የታረመ ደብተር ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም!

ነገሩን በአንድ የ7ኛ ክፍል ጥያቄ እንየው። ሦስት ኤክስ ሲደመር 5 እኩል ይሆናል 20። ልጁ 5ቱን ወደ ቀኝ ሲያሻግር ምልክቱን መቀየር ይረሳና ሦስት ኤክስ እኩል ይሆናል 25 ብሎ ይጽፋል። ለ3 ሊያካፍል ሲል አልካፈል ይለዋል፤ ግራ ይገባዋል። ክፍል ውስጥ ቢሆን በዴስኮች መሐል የሚያልፍ መምህር ያቺን መስመር ያያታል፣ በጣቱ ይነካታል፣ «ይህቺ 5 ስትሻገር ምኗ ተለወጠ?» ይላል። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ልጁ ራሱ 20 ሲቀነስ 5፣ 15፣ ኤክስ 5 ነው ብሎ ይጨርሰዋል። ስልኩ ላይ ያለው የምርጫ ጥያቄ ግን ቀይ ምልክት አሳይቶት ያልፋል። መሳሳቱን ይነግረዋል፤ የተሳሳተባትን ቦታ አያሳየውም። ልጁም ከቀሩት ፊደላት አንዱን ይነካና ይቀጥላል። አራት ምርጫ ባለው 20 ጥያቄ ምንም ያላነበበ ልጅ በግምት ብቻ በአማካይ 5 ያገኛል። ያቺ ያልታረመች የመደመር ምልክት ደግሞ 8ኛ ክፍል አብራው ታልፋለች፣ 9ኛ ክፍል ፊዚክስ ውስጥ ትገባለች፤ ያኔ «ይህ ልጅ ሂሳብ አይገባውም» ይባላል። ስህተቱን ያየለት ሰው ስላልነበረ የመጣ ጣጣ ለልጁ ስም ሆኖ ይቀርለታል። ይህ ግፍ ነው!

ይህን ለማወቅ ጎጃም ከሌላ መማር የለበትም። ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ አገር የሆኑት በምን መንገድ ነው? ተማሪው ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በቃሉ ያዘጋጃል፣ ማታ ከየኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታ ሰምተው ያርማሉ። ቤቱ ካልመታ፣ ምሥጢሩ ካልገጠመ፣ ተመልሶ ይቆጥራል። መነሻው አጭር ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናው፣ ሳይደላደል ቀጣዩን፣ ዘአምላኪየን፣ አይጀምርም። ተማሪው ሲበዛ የኔታን የሚያግዝ አስነጋሪ አለ፤ ሳይሰማ የሚታለፍ እንዳይኖር ነው። ብራና ውድ፣ መጽሐፍ ጥቂት በነበረበት ዘመን ያ ትምህርት የዘለቀው የሚሰማ ጆሮና የሚያርም አፍ ስለነበረው ነው። እኛ ዛሬ መጽሐፉን በአንድ ንክኪ ለሺህ ልጅ እንልካለን፤ ጆሮው ግን ጠፋብን።

ፕላዝማውንስ ረሳነው? ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የቴሌቪዥን ትምህርት ማለቴ ነው። እዚህ ካላችሁት ወላጆች ብዙዎቻችሁ በእሱ ተምራችኋል። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣል፣ የክፍሉ መምህር መግቢያና መጨረሻው ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፣ መሐሉን ስክሪኑ ይወስደዋል። እንግሊዝኛው ይፈጥናል። ስክሪኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ አፉን ይዞ እንደተቀመጠ «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል። መምህሩ እጁን አጣጥፎ ይቆማል፤ ልጆቹ እንዳልገባቸው እያየ ሊያስቆመው አይችልም። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ያ ክፍለ ጊዜ ሄደ ማለት ነው፤ ተመልሶ አይመጣም። መሣሪያው ደካማ አልነበረም። ችግሩ የሚናገር እንጂ የሚሰማ አለመሆኑ ነበር። ዛሬ በስልክ የምናደርገው ያንኑ ከሆነ ስክሪኑን አሳነስነው እንጂ የጨመርነው የለም።

አሁን ጥቅሙን ልናገር፤ እውነተኛ ጥቅም አለውና። የተቀረጸ ትምህርት ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ፕላዝማው ይህ አልነበረውም። ታሞ የቀረ ልጅ፣ የጤፍ አጨዳ ያስቀረው ልጅ ያመለጠውን ያገኛል። ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ባዘጋጀው ፌት በተባለው ነፃ ፕሮግራም ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል ስክሪን ላይ አገናኝቶ ቮልቴጁ ሲጨምር ከረንቱ እንዴት እንደሚጨምር ማሳየት ይችላል፤ አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይፈልግም። ደግሞም በ2016 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር ተሰጥቷል። ማውስ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ከጥያቄው ሌላ ከማውሱም ጋር ይታገላል። ጥያቄ ዘሎ መመለስን፣ ሰዓት ቆጣሪውን ማየትን፣ ገጹን ወደ ታች ማንቀሳቀስን 12ኛ ክፍል ከመድረሱ በፊት ይልመድ።

ጉዳቱ ላይ መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። አንድ ሰዓት ቪዲዮ በ480 ጥራት ግማሽ ጊጋባይት ያህል ይበላል። በቀን 4 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ከሆነ 10 ጊጋባይት ነው። ሦስት ተማሪ ያለበት ቤት ደግሞ 30 ጊጋባይት። ይህን የሚከፍል ገበሬ የት አለ? ያው ትምህርት በድምፅ ቢላክ ግን 10 ደቂቃ የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ከ2 እስከ 3 ሜጋባይት ብቻ ነው። የደብተር ገጽ በፎቶ መልክ ሲላክ ቴሌግራም ራሱ ስለሚያሳንሰው 200 ኪሎባይት አካባቢ ይሆናል። በፋይል መልክ ከተላከ ግን ያው ፎቶ 3 ወይም 4 ሜጋባይት ይሄዳል። ልዩነቱ አንድ ቁልፍ ነው። ወላጆች፣ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ አጥፉት፤ ካርዱ ሳይታወቅ የሚያልቀው በዚያ ነው።

ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ሲጠፋም አይተናል። ሁሉንም ነገር ኦንላይን ላይ የሰቀለ ያን ጊዜ ባዶ እጁን ቀረ። ስለዚህ ትምህርቱ በሜሞሪ ካርድ መዞር የሚችል ይሁን። 32 ጊጋባይት ካርድ በ480 ጥራት የ60 ሰዓት ያህል ትምህርት ይይዛል።

ስልኩስ የማን ነው? በብዙ ቤት አንድ ስማርት ስልክ አለ፤ እሱም የአባት ነው። ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ትምህርቱም አብሮት ይወጣል። ስልኩ ቤት ቢውል እንኳ ቤት ያለ ልጅ ሥራ የፈታ ይመስለናል። ወንዱ «ከብቱን መልስ» ይባላል። ሴቷ ስልኩን ስትከፍት «ምን ትነካኪያለሽ፣ ውኃው አልተቀዳም» ትባላለች። እናቶቼ፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ ከቤት ሥራ የምትሰወርበት ሰዓት ነበራት፤ ኦንላይን ያንን ሰዓት ወሰደባት። በቀን አንዲት ሰዓት፣ ማንም የማይጠራት፣ ትሰጣት!

መምህራን፣ ወደ ሥራው ልምጣ። 50 ተማሪ ያለው ክፍል አንድ ደብተር ለማረም 2 ደቂቃ ቢፈልግ 100 ደቂቃ ነው፤ በአንድ ቀን አይቻልም። በቀን 10 ልጅ ከሆነ ግን 20 ደቂቃ ነው፤ በ5 ቀን ሁሉም አንዴ ታየ ማለት ነው። ጥያቄው ሁለት ወይም ሦስት ይሁን፤ መልሱ ብቻ ሳይሆን አሠራሩ ይጻፍ። ልጁ ገጹን በቀን ብርሃን በር አጠገብ ዘርግቶ፣ ጥላው እንዳያርፍበት ጎን ቆሞ፣ ስልኩን ቀጥ አድርጎ ከላይ ያንሳ። አንድ ፎቶ አንድ ገጽ፣ ስሙና ክፍሉ ከላይ። በእርሳስ የተጻፈ አይነበብምና በእስክሪብቶ ይሁን። መምህሩ ፎቶው ላይ በስልኩ መጻፊያ የተሳሳተችውን መስመር ብቻ ያክብብ፣ የግማሽ ደቂቃ ድምፅ ይጨምር፣ ይመልስ። ትክክለኛውን መልስ አይጻፍለት፤ ልጁ አርሞ ይላክ። ሁለተኛው ፎቶ ሲመጣ ነው የተማረው። ስልክ የሌለው ልጅ በወረቀት ሠርቶ ለጎረቤት ልጅ ይስጥ፤ ፎቶው በእሱ ስልክ ይሂድ። ክፍሉ ከበዛ አስነጋሪ አለን፤ የ11ኛ ክፍል ልጆች በመምህር ክትትል የ7ኛና 8ኛውን ያርሙ። እነሱም ደግመው ይማሩበታል።

ሌሎቹን በአጭሩ። ጥያቄ ፎቶ አንስቶ መልሱን ከነአሠራሩ የሚሰጥ መተግበሪያ ስላለ በፎቶ የመጣ ሥራ ለማርክ አይያዝ፤ ለእርማት ብቻ ይሁን። ማርኩ ክፍል ውስጥ፣ በወረቀት። «የፈተና መልስ እንሸጣለን» የሚሉ ቻናሎች ሌቦች ናቸው፤ ብር እንዳትልኩ። የማይታወቅ ሰው ያለበት ግሩፕ ውስጥ ልጅ አይግባ።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ከመውጣታችሁ በፊት የእያንዳንዱ ክፍል ኃላፊ መምህር የአስር አስር ልጆችን የእርማት ቀን ሰሌዳው ላይ ይለጥፍ። ወላጆች የልጃችሁን ቀን አይታችሁ ሂዱ፤ ያን ቀን ስልኩ ቤት ይዋል። ሜሞሪ ካርድ ያላችሁ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ይዛችሁ ኑ፣ የሁለት ሳምንቱን ትምህርት እንጭንላችኋለን። በወሩ መጨረሻ እዚሁ ስንገናኝ የልጆቻችሁን ደብተር ይዛችሁ ኑ። ቀይ እስክሪብቶ ያልነካው ወይም የታረመ ፎቶ ያልተመለሰለት ልጅ ካለ ስሙን በዚህ አዳራሽ እንናገር፤ መምህሩም መልስ ይስጥ።

አመሰግናለሁ።