በ7 ዳይሜንሽን ላይ የሚሰፋው ሰሌዳ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ የምናገረው ከደብረ ማርቆስ ነው። የኒልፖተንት ሊ አልጀብራዎች ምደባ እስከ 6 ዳይሜንሽን (የነጻ አቅጣጫዎች ቁጥር) ድረስ በአንድ ሰሌዳ ተጠናቅቆ ሳለ በ7 ላይ መልኩን መቀየሩ ለረጅም ጊዜ ሲያመራምረኝ ቆይቷል።

ሊ አልጀብራ ሁለት ቬክተሮችን ተቀብሎ ሌላ ቬክተር የሚመልስ ቅንፍ ያለው የቬክተር ስፔስ ነው። ሁለቱ ቦታ ሲለዋወጡ የውጤቱ ምልክት ይገለበጣል፤ የያኮቢ እኩልነትም (ሦስት ቬክተሮች በተራ ቦታ ሲለዋወጡ የሚወጡት ሦስት ድርብ ቅንፎች ድምራቸው ዜሮ ነው የሚለው ሕግ) ይጠበቃል። ቅንፉን በቅንፍ ላይ ስንደራርብ ከተወሰነ ደረጃ በኋላ ምንጊዜም ዜሮ የሚወጣ ከሆነ ኒልፖተንት ይባላል። ቅንፋቸው ሁልጊዜ ዜሮ ከሆነው ከአቤላዊዎቹ ቀጥሎ ትንሹ የሃይዘንበርግ አልጀብራ ሲሆን፣ በእርሱ ውስጥ የኤክስና የዋይ ቅንፍ ዜድን ይሰጣል፤ ዜድ ግን ከማንም ጋር ቢገናኝ ውጤቱ ዜሮ ነው።

ኡምላውፍ በ1891 በላይፕዚግ ባቀረበው የዶክትሬት ሥራው ምደባውን ጀመረ፤ ሞሮዞቭ በ1958 የ6 ዳይሜንሽኑን አስተካክሎ አቀረበ። በሪል ቁጥሮች ላይ፣ አቤላዊውን ጨምሮ፣ 34 ናቸው። እዚህ በጎጃም ቅኔ የቆጠረ ሰው ጉባኤ ቃና 2 ቤት፣ መወድስ 8 ቤት መሆኑን ያውቃል፤ የሚቀኘው ባያልቅም ዓይነቱ ተቆጥሮ ያልቃል። በ7 ዳይሜንሽን ግን ዓይነቱ ራሱ ተቆጥሮ አያልቅም። ሲሊ በ1993 በኮምፕሌክስ ቁጥሮች ላይ ባወጣው ምደባ፣ ከተናጠሎቹ በተጨማሪ፣ በአንድ ፓራሜትር፣ ማለትም በነጻ በሚመረጥ ቁጥር፣ የሚለዋወጡ 6 ቤተሰቦች አሉ።

ስለዚህ ሰሌዳ ከማስረዘም ይልቅ የማን ጎረቤት ማን እንደሆነ መጠየቅ ይበልጥ ፍሬያማ ይመስለኛል። ቅንፉን በጥቂቱ ለውጦ ጎረቤቱን መፈለግ ዲፎርሜሽን ይባላል፤ ጌርስተንሃበር በ1964 ለአሶሲየቲቭ አልጀብራዎች የጀመረውን ንድፈ ሐሳብ ኒየንሃውስና ሪቻርድሰን ወደ ሊ አልጀብራ አመጡት። የለውጡን የመጀመሪያ እርምጃ ሁለተኛው ኮሆሞሎጂ (ከአልጀብራው የሚሰላ፣ እንዲህ ያሉ ለውጦችን የሚመዘግብ የቬክተር ስፔስ) ያመለክታል፤ እርምጃው እንዳይቀጥል የሚያግደው እንቅፋት ደግሞ በሦስተኛው ውስጥ ይገኛል። ቲ ቁጥር ትሁንና፣ በሃይዘንበርግ ላይ የዜድና የኤክስን ቅንፍ 2ቲ ጊዜ ኤክስ፣ የዜድና የዋይን ደግሞ ከዜሮ በታች 2ቲ ጊዜ ዋይ እናድርግ። የያኮቢ እኩልነት አይፈርስም፤ ነገር ግን ቲ የቱንም ያህል ብታንስ፣ ዜሮ እስካልሆነች ድረስ፣ በኮምፕሌክስ ቁጥሮች ላይ የምናገኘው ኤስ ኤል 2ን (የዲያጎናል ድምራቸው ዜሮ የሆነ የ2 በ2 ማትሪክሶች አልጀብራን) ነው፤ ኒልፖተንትነቱ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። (ይህን በወረቀት ሠርታችሁ እንድታዩት እለምናችኋለሁ፤ አምስት መስመር አይሞላም።)

ግሩኔዋልድና ኦሃሎራን የገመቱት ይህ አጋጣሚ እንዳልሆነ ነው፤ ዳይሜንሽኑ 2 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ማንኛውም ኮምፕሌክስ ኒልፖተንት ሊ አልጀብራ፣ ከእርሱ ጋር ኢሶሞርፊክ (በመዋቅር አንድ) ያልሆነ የሌላ ሊ አልጀብራ ወሰን ነው ይላሉ፤ ሃይዘንበርግ ቲ ወደ ዜሮ ስትጠጋ የኤስ ኤል 2 ወሰን እንደሚሆነው ማለት ነው። ዜሮ ያልሆነ፣ ዲያጎናል ሊሆን የሚችል ዴሪቬሽን (እንደ ካልኩለስ የብዜት ሕግ ከቅንፉ ጋር የሚስማማ መስመራዊ ሽግግር) ላላቸው አልጀብራዎች ግምቱ ተረጋግጧል፤ ያ ዴሪቬሽን ለለውጡ መያዣ ይሆናልና። ዲክስሚየና ሊስተር በ1957 ያሳዩት ዓይነት፣ ዴሪቬሽኖቹ በሙሉ ኒልፖተንት (ደጋግመው ሲተገበሩ ዜሮ የሚሆኑ) የሆኑበት አልጀብራ ግን ይህን መያዣ አይሰጥም፤ እንዲህ ያሉትም መታየት የሚጀምሩት በዚያው በ7 ዳይሜንሽን ነው።