የዌልስ ወርቅ፦ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር?

[ምስል፦ ቀጭን የጋብቻ ቀለበት። አጠገቡ ነጭ የኳርትዝ ድንጋይ።]

ይሄ ቀለበት ነው። ይሄ ደግሞ ድንጋይ። ስለ ዌልስ ወርቅ የመዝገበ ዕውቀት ጽሑፍ ጻፉ ብትባሉ ከየትኛው ትጀምራላችሁ?

አብዛኛው ሰው ከቀለበቱ ነው የሚጀምረው። አይፈረድበትም። የእንግሊዝ ልዕልቶች ጣት ላይ ያለ ነገር ዓይን ይስባል። እኔ ግን ከድንጋዩ እጀምራለሁ፤ ለምን እንደሆነ አብረን እንይ። ዌልስ ከእንግሊዝ በስተ ምዕራብ ያለች፣ የብሪታንያ አካል የሆነች አገር ናት። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

«የዌልስ ወርቅ» የሚለው ስም ሦስት ነገር ተሸክሟል። ከዌልስ መሬት የተቆፈረ ወርቅ አለ። ዌልስ ውስጥ የተገኘ ወርቅ አለ። «የዌልስ» ተብሎ የሚሸጥ ወርቅም አለ። ሲሰሙት አንድ ይመስላል። ጸሐፊውን የሚያሳስተውም ይሄው ነው።

[ምስል፦ የዌልስ ካርታ። ሰሜን ላይ አንድ ነጥብ፣ ደቡብ ላይ አንድ ነጥብ።]

ከመሬቱ እንነሳ። ወርቁ የሚታወቀው በተለይ በሁለት ቦታ ነው። ሰሜን ላይ ዶልጌላይ የምትባል ከተማ አካባቢ አለ። እዚያ ወርቁ ያለው በጥቁር ድርብርብ ድንጋይ ውስጥ በሚያልፉ ነጭ የኳርትዝ ሥሮች ውስጥ ነው። ደቡብ ላይ ደግሞ ካርማርዘንሽር ውስጥ ዶላይኮቲ አለ። የዌልስ ስሞች አጻጻፍ ምላስ ያስራል፤ እኔም እንደሚነበቡ ሳይሆን እንደቻልኩ ነው የምጠራቸው።

ዶላይኮቲ ላይ ትንሽ እንቆይ። የጽሑፉ ሰፊ ቦታ የሚገባው ለእሱ ይመስለኛል።

ሮማውያን ዌልስን የያዙት በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ሰባዎቹ ውስጥ ነው። ወርቁ ጋ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ዘዴያቸው ውሃ ነበር። ከኮቲ ወንዝ ላይኛው ክፍል ጀምረው በኮረብታው ወገብ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ቦይ ቆፈሩ። ውሃውን ከላይ በገንዳ አጠራቀሙት። ከዚያ ገንዳውን በአንድ ጊዜ ለቀቁት። ጎርፉ አፈሩን ጠራርጎ ይወስደዋል፤ ከሥሩ ያለው ዐለት ራቁቱን ይቀራል። የወርቁ ሥር የት እንዳለ በዓይን ይታያል ማለት ነው። የቦዮቹና የገንዳዎቹ ፈለግ ዛሬም ኮረብታው ላይ አለ። በ1935 ደግሞ ከመሬት በታች ካለው አሮጌ ቁፋሮ የእንጨት የውሃ መዘውር ስባሪ ተገኘ። ጉድጓዱ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ ወደ ላይ ለማውጣት ያገለገለ ነው።

[ምስል፦ ቀጥ ብሎ የቆመ ድንጋይ፣ ጎኖቹ የተቦረቦሩ። ካሜራው ወደ ጉድጓዶቹ ይጠጋል።]

አሁን ይሄን ድንጋይ ልብ ብላችሁ እዩት። የቆመው ማዕድን ማውጫው አጠገብ ነው። የመንደሩ ስም ፒምሳይንት ነው፤ «አምስት ቅዱሳን» ማለት ነው። አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል። አምስት ወንድማማች ቅዱሳን በዐውሎ ነፋስ ተይዘው ድንጋዩን ተንተራሱ፤ ጎኑ ላይ ያሉት ጉድጓዶች ጭንቅላታቸው ያረፈበት ነው። ተመራማሪዎች ደግሞ ማዕድን የተወቀጠበት ድንጋይ ነው ይላሉ። በውሃ ኃይል የሚነሳና የሚወድቅ መዶሻ ሲመታው ኖሮ ነው የተቦረቦረው።

አፈ ታሪኩ ጽሑፉ ውስጥ ይግባ? አዎ፣ ይግባ። ግን አፈ ታሪክ ተብሎ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር። ቆርጦ መጣል አይገባም፤ የመንደሩን ስም ያወጣው እሱ ነውና። ሰዎች ያዩትን ነገር በሚያውቁት ነገር ነው የሚፈቱት። የተቦረቦረ ድንጋይ አዩ፣ ትራስ መሰላቸው።

[ምስል፦ ሰሜን ዌልስ፣ የኮረብታ ዋሻ አፍ።]

ወደ ሰሜን እንመለስ። ክሎጋይ የሚባለው ማዕድን ማውጫ መጀመሪያ መዳብና እርሳስ ነበር የሚወጣበት። ወርቁ የታየው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ነው፤ ያኔ ሰው ጎረፈ። ከ1862 እስከ 1911 ድረስ 165,031 ቶን ድንጋይ ተቆፍሮ 78,507 አውንስ ወርቅ ወጣ። ይሄን ቁጥር እንዲሁ ብትጽፉት አንባቢ አይዘውም። ስለዚህ እናስላው። የወርቅ አውንስ 31 ግራም ያህል ነው፤ ሁሉም ሲቀየር 2,442 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ለድንጋዩ ስናካፍለው ለአንድ ቶን 15 ግራም አካባቢ ይደርሰዋል። አንድ ቶን ድንጋይ ተፈልፍሎ፣ ተወቅጦ፣ ታጥቦ፣ ሦስት ወይ አራት ቀለበት!

ሌላው ትልቁ ጉድጓድ ግዊንቨኒድ ነው። እዚያ ፕሪቻርድ ሞርጋን የሚባል ሰው ነበር፤ «የዌልስ የወርቅ ንጉሥ» ይሉት ነበር። በአሮጌው ሕግ መሬቱ የእናንተ ቢሆንም ከሥሩ ያለው ወርቅ የዘውዱ፣ ማለትም የንጉሣዊው መንግሥት ነው። እሱ ይሄን አልወደደውም። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1891 ለዘውዱ ተፈረደ። ይሄ ሕግ ያለ ጥርጥር ይግባ። ብዙ ጽሑፍ ግን ይረሳዋል።

[ምስል፦ ሰፊ የወርቅ ካባ፣ በጥቃቅን ጉብጉብ ጌጥ የተሞላ።]

አሁን ከባዱ ጥያቄ መጣ። ይሄ የሞልድ ካባ ነው። በ1833 ሰሜን ዌልስ ውስጥ፣ ሞልድ በምትባል ከተማ፣ ሠራተኞች ድንጋይ ፍለጋ አንድ የመቃብር ጉብታ ሲቆፍሩ ነው የተገኘው። ከ3,500 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ከአንድ የወርቅ ቁራጭ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው። ተሰባብሮ ነበር የወጣው፤ ሰዎቹም ስባሪውን ተከፋፈሉት። ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ነው።

ዌልስ ውስጥ መገኘቱ አያከራክርም። ወርቁ የዌልስ ነው ለማለት ግን መገኘቱ ብቻ አይበቃም። ወርቅ ይጓዛል። ይነገድበታል፣ ይዘረፋል፣ ቀልጦ እንደገና ይሠራል። ስለዚህ እኔ ብሆን አንድ መስመር እሰጠዋለሁ፦ ዌልስ ውስጥ ተገኘ፣ ዝርዝሩ በራሱ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ፎቶውን ግን ከላይ አላደርገውም። ያምራል፤ ቢያምርም አንባቢን ያሳስታል።

[ምስል፦ እንደገና ቀለበቱ።]

ቀለበቱ ይቀር? አይቀርም። በ1923 ኤልዛቤት ቦውስ-ላየን፣ በኋላ ንግሥት እናት የተባሉት፣ ሲያገቡ ቀለበታቸው ከክሎጋይ ወርቅ ተሠራ። ከዚያው ቁራጭ በ1947 ለልጃቸው ለኤልዛቤት፣ በ1981 ደግሞ ለልዕልት ዳያና እየተቆረጠ እንደተሠራ ይነገራል። የዳያናን ልጆች ያገቡት ኬት በ2011፣ ሜገን በ2018 የዌልስ ወርቅ አድርገዋል። ይሄ ሁሉ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል። «ከጥንት ጀምሮ የመጣ የቤተ መንግሥት ልማድ» የሚል ካያችሁ ግን ሰርዙት። ልማዱ መቶ ዓመት ቢሆነው ነው።

ሌላም የሚሰረዝ አለ። «የዌልስ ወርቅ በተፈጥሮው ቀላ ያለ ነው» ይባላል። ቅላቱ የሚመጣው ወርቅ ሠሪው ከሚጨምረው መዳብ ነው። ማንኛውም ወርቅ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ፤ የየትም አገር ወርቅ መዳብ ሲገባበት ይቀላል።

ጌጡ ላይ የሚመታው ማህተምስ? ወርቅ በእሳት ይፈተናል እንላለን። እሳቱ ንጽህናውን ይነግረናል፤ አገሩን አይነግረንም። የእንግሊዝ ማህተምም እንደዚያው ነው። 9 ካራት ይሁን 18፣ የት ከተማ እንደተፈተነ፣ ማን እንዳስመዘገበው ይናገራል። ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ አይናገርም። «የዌልስ ወርቅ ያለበት» የሚል ጌጥ ስታዩም «ምን ያህል?» በሉ። ጥቂት ቢጨመርበትም «አለበት» ማለት ውሸት አይደለም። ጉድጓዶቹ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከተዘጉ ወዲህ የሚሠራበት በአብዛኛው ቀድሞ የተቀመጠው ስለሆነ ቆጥቦ መጠቀም ግድ ነው። ጽሑፉ ይሄን በግልጽ ይበል፤ የሱቅ ዋጋና የሱቅ ፎቶ ግን አይግባ።

[ስክሪን ላይ፦ ባዶ ገጽ። ጽሑፉ ቀስ እያለ ይጻፋል።]

እንግዲህ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንጻፍ። «የዌልስ ወርቅ ከዌልስ መሬት፣ በተለይ ከሰሜኑ ዶልጌላይና ከደቡቡ ዶላይኮቲ አካባቢ፣ ከሮማውያን ዘመን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በተለያየ ጊዜ የተቆፈረ ወርቅ ነው።»

ፎቶው ድንጋዩ ይሁን። ቀለበቱ ወደ ታች ይውረድ።